ምዕራፍ ስድስት፦ ጨረሩ በእውነት ይደርሳልን?

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የመካኒክስንና የኤሌክትሪክን አቀበት በላብ ወጥቶ ወደ ብርሃን ምዕራፍ በደረሰ ጊዜ፣ ቀመሮቹ ከአንድ እጅ ጣቶች የማይበልጡ፣ ሥዕሎቹም በእርሳስና በማስመሪያ የሚያልቁ መሆናቸውን አይቶ ልቡን ማሳረፉ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የፈተናው ወረቀት በፊቱ ተዘርግቶ፣ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው «ቀጥ ያለ» እና «የተገለበጠ»፣ ወይም «ከመስተዋቱ ፊት» እና «ከመስተዋቱ ኋላ» በሚል ቃል ብቻ ተለያይተው ባገኛቸው ጊዜ፣ ያ ያረፈ ልብ መናወጥ ይጀምራል። ፈታኙ የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጀው በዘፈቀደ አይደለምና፤ ይልቁንም ተማሪው የመቀነስን ምልክት በረሳ ጊዜ የሚደርስበትን ቁጥር ራሱ አስቀድሞ አስልቶ ከትክክለኛው መልስ ጎን ያኖርለታል። ስለዚህ የተሳሳተው ተማሪ መልሱን በምርጫዎቹ መካከል አግኝቶ፣ ደስ እያለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

በዚህ ምዕራፍ ላስረዳው የምሻው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በመስተዋትና በሌንስ ጥያቄ ውስጥ የሚገባው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ሁሉ፣ በቃል ተሸምድዶ የሚያዝ ትእዛዝ ሳይሆን፣ ጨረሩ ወደ ተባለው ስፍራ በእውነት ይደርሳልን ወይስ የሚደርስ ይመስላል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑ ነው። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ በሥዕል የመለሰ ተማሪ ምልክቱን ሊስተው አይችልም፤ ሥዕሉን ትቶ ከቀመር የጀመረ ግን፣ ስሌቱ የቱን ያህል የነጠረ ቢሆን፣ ዕድሉን ለአጋጣሚ ሰጥቷል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባቡን ሳያደላድል ወደ ትርጓሜ የሚሻገር ደቀ መዝሙር እንደማይኖር ሁሉ፣ በጨረር ትምህርትም ሥዕሉ ንባብ፣ ቀመሩ ትርጓሜ ነው።

ምልክቱ ተማሪን ግራ የሚያጋባበት አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። በእኛ ሀገር መማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ሥርዐት እውን የሆነውን ርቀት ሁሉ ተደማሪ፣ ምናባዊ የሆነውን ሁሉ ተቀናሽ የሚያደርገው ነው። የዕቃውን ርቀት ዕ፣ የምስሉን ርቀት ም፣ የትኩረት ርቀቱን ት ብለን ብንጠራ፣ ለመስተዋትም ለሌንስም ቀመሩ 1/ዕ + 1/ም = 1/ት ይሆናል። በሕንድ ሀገር ለምሕንድስና መግቢያ ፈተና የሚሰናዱት፣ በእኛም ተማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኙት መጻሕፍት ግን ሌላውን፣ የካርቴዥያን የተባለውን ሥርዐት ይከተላሉ፤ በዚህኛው ብርሃኑ በሚሄድበት አቅጣጫ የተለካ ርቀት ተደማሪ፣ ከዚያ በተቃራኒ የተለካ ተቀናሽ ነው፤ የሌንሱም ቀመር 1/ም − 1/ዕ = 1/ት ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ሥርዐቶች ትክክል ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያበላልጠው ነገርም የለም። ጥፋቱ የሚመጣው ቀን ከመምህሩ የአንደኛውን ቀመር የተማረ ልጅ፣ ማታ በስልኩ ከሚያየው ማስረጃ የሌላኛውን ቀመር ወስዶ፣ ቁጥሩን ግን በአንደኛው ሥርዐት ያስገባ እንደሆነ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የትኩረት ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጉብጥ ሌንስ ፊት በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ጧፍ በርቷል፤ ምስሉ የት ይገኛል? በእኛ ሥርዐት 1/30 እና 1/ም ተደምረው 1/20 ይሆናሉና፣ ም 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሕንዶቹም ዕ ተቀናሽ 30 ስለሚሆን መልሱ ያው 60 ነው። ያ ሁለቱን የቀላቀለ ልጅ ግን ተደማሪ 30ን በሕንዶቹ ቀመር አስገብቶ 12 ሳንቲ ሜትር ያገኛል፤ 12ም ከምርጫዎቹ በአንዱ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ይህ ቁጥር ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ስሌቱን መከለስ አያስፈልግም። ከሩቅ የመጡ ትይዩ ጨረሮች በዚህ ሌንስ አልፈው የሚገናኙት በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ከቅርብ ጧፍ የተነሡት ግን እየተበተኑ የሚመጡ ስለሆኑ፣ ሌንሱ እነርሱን ለመሰብሰብ ይበልጥ ይቸገራል፤ ስለዚህ ከ20 ርቀው እንጂ ቀርበው ሊገናኙ አይችሉም። 12 የሚለው መልስ በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይወድቃል።

ጨረሮች ይበተናሉ፣ ይሰበሰባሉ የሚለው አነጋገር ለሊቃውንትም ቢሆን ብዙ ዘመን የወሰደ ግኝት ነው። በባስራ ተወልዶ ዕድሜውን በካይሮ የፈጸመው ኢብን አል-ሃይተም፣ ከ1011 እስከ 1021 ባለው ጊዜ ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጻፈው በሰባት ክፍል የተደራጀ ታላቅ መጽሐፉ፣ ዐይን ወደ ዕቃው ጨረር ትልካለች የሚለውን የጥንት ሐሳብ ውድቅ አድርጎ፣ ብርሃን ካረፈበት አካል ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ አቅጣጫ ሁሉ ጨረር እንደሚወጣ አስረዳ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ ያን ያህል ጨረር የሚወጣ ከሆነ፣ በዐይን ውስጥ ሁሉ ተደበላልቆ ጭጋግ ይሆን የለምን? ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ የሰጠው ዮሐንስ ኬፕለር ነው፤ እርሱም በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአንድ ነጥብ የወጡት ጨረሮች በዐይን ሌንስ ተሰብረው በዐይን ጀርባ ባለው መጋረጃ ላይ እንደገና ወደ አንድ ነጥብ እንደሚሰበሰቡ አስተማረ። ምስል ማለት እንግዲህ ከአንድ ነጥብ የተበተነው ነዶ ጨረር በሙሉ ዳግመኛ የሚገናኝበት፣ ወይም የተገናኘበት የሚመስል ስፍራ ነው። በእውነት የተገናኘ እንደሆነ ምስሉ እውን ነው፤ ነጭ ሰሌዳ ብንዘረጋለት ይሣልበታል። መገናኘቱ ለዐይን ብቻ የሚታይ እንደሆነ ምናባዊ ነው፤ ሰሌዳ ብንዘረጋ የሚያርፍበት ብርሃን የለም።

ይህን ያልያዘ ተማሪ የሚወድቅበት ጥያቄ እነሆ፤ ቁጥር የለውም፣ ነገር ግን ቁጥር ካላቸው ሁሉ ይልቅ ዕውቀትን ይፈትናል። አንድ ጉብጥ ሌንስ የጧፍን ምስል በሰሌዳ ላይ ሥሎ ሳለ፣ የሌንሱ የላይኛው እኩሌታ በጥቁር ወረቀት ቢሸፈን ምስሉ ምን ይሆናል? አብዛኛው ተማሪ የጧፉ እኩሌታ ይጠፋል ብሎ ይመልሳል፤ ጥቂት ያሰበበት ደግሞ፣ ምስሉ የተገለበጠ ነውና የሚጠፋው የታችኛው እኩሌታ ነው በማለት ስሕተቱን ያረቅቃል። ትክክለኛው መልስ ምስሉ በሙሉ ይኖራል፣ ብርሃኑ ግን ይቀንሳል የሚለው ነው። ከጧፉ ጫፍ የተነሣው ነዶ የሌንሱን ገጽ በሙሉ ይሸፍናልና፣ የላይኛው እኩሌታ ቢታገድ በታችኛው ያለፈው ጨረር አሁንም ወደዚያው ነጥብ ይደርሳል፤ እንዲሁም ከጧፉ ሥር የተነሣው። ብርሃኑ ከመጉደሉ በቀር አንድም ነጥብ አይጠፋም።

የስሕተቱ ምንጭ ሥዕሉን በምናስተምርበት መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለተማሪው፣ ከዕቃው ጫፍ አንድ ጨረር ከዋናው ዘንግ ጋር ትይዩ አድርገህ አውጣ፣ ሁለተኛውን በሌንሱ ማእከል አሳልፍ፣ ሦስተኛውን በትኩረት ነጥቡ በኩል ላክ እንለዋለን። እነዚህ ሦስቱ የተመረጡት ለመሣል ስለሚመቹ ብቻ ነው፤ ምስሉን የሚሠራው ግን ያልተሣለው እልፍ ጨረር ነው። ስለዚህ ዕቃው ከሌንሱ ይልቅ ረዝሞ፣ የተሣለው ትይዩ ጨረር ሌንሱን ስቶ በላዩ ያለፈ እንደሆነ፣ ተማሪው ምስል አይገኝም ብሎ መደንገጥ የለበትም፤ ሌንሱን በማስመሪያ ወደ ላይ አስረዝሞ ይሣል፣ መልሱም አይለወጥም።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችል የሚያስታውስ ምሳሌ ላንሣ። የትኩረት ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥርጉድ መስተዋት፣ በቁመት የዕቃውን እጥፍ የሆነ ምስል ይሰጥ ዘንድ ዕቃው ምን ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት? ቀመሩን የያዘ ልጅ የምስሉ ርቀት የዕቃው ርቀት እጥፍ ነው ብሎ ይጀምርና 1/ዕ + 1/2ዕ = 1/20 በማለት 30 ሳንቲ ሜትር ያገኛል። ስሌቱ ያለ ነቀፋ ነው፤ መልሱ ግን እኩሌታው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄያችንን እናንሣ፦ ጨረሮቹ በእውነት ይገናኛሉን? ዕቃው ከትኩረት ነጥቡ ውጭ የሆነ እንደሆነ ይገናኛሉ፤ ምስሉ በመስተዋቱ ፊት በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ተገልብጦ ይቆማል። ዕቃው ከትኩረት ነጥቡ ወደ መስተዋቱ ቀርቦ በገባ ጊዜ ግን መስተዋቱ ነዶውን ሊሰበስበው አይቻለውም፤ መበተኑን ያበርድለታል እንጂ። ወደ ኋላ ተስበው ሲታዩ ጨረሮቹ ከመስተዋቱ ጀርባ የሚገናኙ ይመስላሉ፤ የምስሉም ርቀት ተቀናሽ ሆኖ 1/ዕ − 1/2ዕ = 1/20 ይሆናል፤ ዕ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር። ፊቱን አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት ጢሙን የሚላጭ ሰው፣ ፊቱን የሚያደርገው በዚህ ቅርብ ስፍራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በሰሌዳ ላይ የተሣለ ምስል» ካለ መልሱ 30 ብቻ ነው፤ «ቀጥ ያለ» ካለ 10 ብቻ ነው፤ ዝም ካለ ግን ሁለቱም ናቸው። ተማሪው ቁጥሮቹን ከማስመሩ አስቀድሞ እንዲህ ያለችውን ቃል ያስምርባት።

ጉብጥ መስተዋት ግን ከዚህ ሁሉ ሐተታ ነጻ ነው፤ በፊቱ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ምስሉ ከጀርባው፣ ቀጥ ያለ፣ ያነሰም ነው። በመኪና ጎን ያለው መስተዋት ይህ ስለሆነ፣ ምርጫዎቹ ውስጥ እውን ወይም የተለቀ የሚል ቃል ሲገኝ ያለ ስሌት መሰረዝ ነው።

ወደ ስብረት ስንሻገር የነዶው ነገር ይበልጥ ይጠቅመናል። ሕጉን ራሱን ስኔል በ1621 አገኘው፣ ዴካርት በ1637 አሳተመው ሲባል ተማሪ ይሰማል፤ ነገር ግን በባግዳድ የነበረው ኢብን ሳህል ከእነርሱ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ984፣ በጽሑፉ አስቀምጦት ነበር። በፈተና የሚዘወተረው ጥያቄ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚያየው ሰው ምን ያህል ይመስለዋል የሚለው ነው፤ የውሃው የስብረት አኃዝ 4/3 ስለሆነ መልሱ 1.5 ሜትር ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ጥያቄው ተገልብጦ፣ ከውሃው በላይ 3 ሜትር ላይ የምታንዣብብ ወፍ በውሃው ውስጥ ላለ ዓሣ ምን ያህል ከፍ ብላ ትታየዋለች ሲባል ግን፣ ብዙዎች በልማድ አካፍለው 2.25 ይላሉ። ከወፊቱ የተነሡት ጨረሮች ወደ ውሃው ሲገቡ ወደ ቀጤ ነክ መስመሩ ስለሚጠጉ መበተናቸው ይቀንሳል፤ መበተኑ የቀነሰ ነዶ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ይመስላልና ዓሣው ወፊቱን የሚያያት በ4 ሜትር ከፍታ ነው። መቼ ማካፈል፣ መቼ ማባዛት እንደሚገባ የሚነግረን ነዶው ይበልጥ ተበተነ ወይስ ተሰበሰበ የሚለው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የወሳኝ ዘዌ ጥያቄ፣ ፈታኙ ቁጥሮቹን እንዴት እንደሚመርጥ ያሳየናል። በ4 ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀመጠ መብራት፣ የስብረት አኃዙ 5/3 ከሆነ ፈሳሽ ወደ አየር የሚወጣው በምን ያህል ክብ በኩል ነው? ከወሳኙ ዘዌ የበለጠ ያዘነበለ ጨረር ሁሉ ወደ ውስጥ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የዚያ ዘዌ ሳይን 3/5 ነው። እንግዲህ 3፣ 4፣ 5 የሆነው ያ የታወቀ ሦስት ማእዘን ራሱን ገልጧልና፣ የክቡ እኩሌታ ስፋት 3 ሜትር ነው፤ አንዲት መስመር እንኳ ማስላት አላስፈለገም። ፈታኙ በእውነተኛ ውሃ ቢጠይቅ ኖሮ የ7 ዳግም ዘር ገብቶ መልሱ 4.5 ሜትር ገደማ በሆነ ነበር። እንዲህ ያለ ልዩ አኃዝ በጥያቄ ውስጥ ሲታይ፣ የተሰወረ ሦስት ማእዘን መኖሩን መጠርጠር ብልህነት ነው።

አሁን ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ ወደሚፈሩት፣ ሁለት ሌንስ ወይም ሌንስና መስተዋት ተከታትለው ወደሚቆሙበት ጥያቄ እንግባ። ያንኑ ጧፍና ያንኑ ጉብጥ ሌንስ እንውሰድ፤ ምስሉ በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሊሣል ሲሄድ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ የትኩረት ርቀቱ 30 የሆነ ሥርጉድ ሌንስ መንገዱን ዘጋው። ጨረሮቹ ገና አልተገናኙም፤ ከሁለተኛው ሌንስ 20 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ሊገናኙ እየተሰበሰቡ ሳሉ ተያዙ። ስለዚህ ለሁለተኛው ሌንስ ዕቃው ምናባዊ ነው፤ ርቀቱም ተቀናሽ 20። የሥርጉዱ ሌንስ ትኩረትም ምናባዊ ስለሆነ ተቀናሽ 30 ነው። −1/20 + 1/ም = −1/30 ይሆናል፤ ም ከሁለተኛው ሌንስ ወዲያ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ምልክቱም ተደማሪ ነውና ምስሉ እውን ነው። ዕቃ እንዴት ተቀናሽ ርቀት ይኖረዋል ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ፣ እጁን ከቀመሩ አንሥቶ ጨረሮቹ ወደ ሌንሱ የደረሱት እየተበተኑ ነው ወይስ እየተሰበሰቡ ብሎ ይጠይቅ።

በሥርጉዱ ሌንስ ፋንታ የጉብጠቱ ራዲየስ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉብጥ መስተዋት ብናቆም፣ ምስሉ ተመልሶ በራሱ በጧፉ ላይ እንዲያርፍ መስተዋቱ ከሌንሱ ምን ያህል መራቅ አለበት? በዚህ ጥያቄ ቀመር የሚጽፍ ሰው አንድ ገጽ ይፈጃል። ጨረር በመጣበት መንገድ የሚመለሰው መስተዋቱን በቀጤ ነክ ሲመታ ነው፤ ይህም የሚሆነው ወደ መስተዋቱ ማእከል አቅንቶ ሲመጣ ነው። ጨረሮቹ ወደ 60 አቅንተዋል፤ ማእከሉም በ60 ላይ እንዲሆን መስተዋቱ ከዚያ 40 ወዲህ፣ ማለት ከሌንሱ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። (መስተዋቱ ልክ በ60 ላይ ቢቆምም ጨረሮቹ በገጹ ላይ ተገናኝተው ወደ ጧፉ እንደሚመለሱ የተገነዘበ ተማሪ ተሳስቷል አልልም፤ በፈተና የሚጠየቀው ግን ፊተኛው ነው።)

ሌንሱም መስተዋቱም ውሃ ውስጥ ቢገቡ የሚለው ጥያቄ አጭር ነው። መስተዋት የሚሠራው በማንጸባረቅ ስለሆነ የትኩረት ርቀቱ አይነቃነቅም፤ አኃዙ 1.5 የሆነ የብርጭቆ ሌንስ ግን የትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 20 የነበረው 80።

በመጨረሻ፣ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤሴል ስሙን የተወለትን፣ በቤተ ሙከራም በፈተናም የማይቀረውን ጥያቄ እንመልከት። ጧፍና ሰሌዳ በ100 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል፤ በመካከላቸው አንድ ጉብጥ ሌንስ ሲንሸራተት በሁለት ስፍራ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ የሁለቱ ስፍራዎች ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የትኩረት ርቀቱ ስንት ነው? ለዚህ የተሰናዳ ቀመር አለ፤ እኔ ግን ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው አልመክርም። ብርሃን በሄደበት መንገድ ሊመለስ ይችላልና፣ በአንደኛው ስፍራ የዕቃው ርቀት የነበረው በሁለተኛው የምስሉ ርቀት ይሆናል። ድምራቸው 100፣ ልዩነታቸው 20 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች 60 እና 40 ናቸው፤ ብዜታቸው 2400 ለድምራቸው ሲካፈል 24 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ሁለቱ ምስሎች 9 እና 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ደግሞ፣ በአንደኛው የጎላበት ልክ በሁለተኛው ያነሰበት ነውና፣ ጧፉ 6 ሳንቲ ሜትር ነው።

ብልህ ፈታኝ ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄድና፣ በዚሁ ሌንስ ሰሌዳው ከጧፉ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅስ ብሎ ይጠይቃል። የሁለቱ ርቀቶች ብዜት 24 ጊዜ 90፣ ማለት 2160 መሆን አለበት፤ ድምራቸው 90 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ግን እኩል ሲሆኑ እንኳ፣ 45 በ45 ተባዝቶ፣ ከ2025 አያልፉም። ሌንሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያንሸራትቱት በሰሌዳው ላይ የሚያርፈው የደበዘዘ ብርሃን ብቻ ነው፤ ምስል እንዲገኝ ሰሌዳው ቢያንስ የትኩረት ርቀቱን አራት እጥፍ፣ 96 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት።